ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ያሸነፍኩ ዕለት

በደሴ ከተማ እኔ ሳልከፍተው የሞተ ሬዲዮ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ መመካት ቢያምረኝ ብዙ ሌላ ነገር አለኝ። ፒያሳ ላይ ከአንድ ጫማ ቤት ደረጃ ሥር ተቀምጬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሬዲዮ ስጠግን ማንም አላስተማረኝም። የትኛው ሽቦ እንደሚያቃጥል የነገረኝ ጣቴ ነው። ፊደልም የቆጠርኩት ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ በራሴ ነው። እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። መዝገበ ቃላቱ ሁለት ቅጽ ነበር፤ ሁለተኛው ቅጽ በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ከሌሎች ብዙ መጻሕፍት ጋር ጠፋ። ስለዚህ ከኤል ፊደል ወዲያ ያለውን እንግሊዝኛ አላውቅም። ከኤል ወዲህ ግን የሚደርስብኝ ካለ ይምጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ይጠቅማችኋል። እኔ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ "ሰው እኮ ይጠየቃል" እያለችኝ ኖራ ሞተች። መንገድ ሲጠፋኝ እንኳ አልጠይቅም፤ እስክደርስ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጥቼ፣ ሳልጠይቅ ድንኳን አይቼ ገብቼ፣ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ተመልሻለሁ። አልቅሼም ነበር። ሟቹ ጥሩ ሰው እንደነበር ከሰዎቹ ገባኝ።

ሬዲዮ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ፣ የእኔም እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መሣሪያዬን በከረጢት አሥሬ ቤተ መጻሕፍት መዋል ጀመርኩ። ቤቱን አታውቁት ይሆናል። ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈሳል። አንዱ መስኮት መስታወት ስለሌለው ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በጠዋት ገብቶ ከአንባቢው ጋር ይቀመጣል። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ታችኛው ረድፍ ላይ ብቻ ስለ ንብ እርባታ የሚያወሩ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ተርፈዋል፤ የዘረፈው ሰው ንብ አይወድም መሰለኝ። የእኔ መዝገበ ቃላት ያለው ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው፤ ውሃ የማይነካው እዚያ ብቻ ስለሆነ።

የቤቱ ኃላፊ ሐያት ትባላለች። ከኩታበር የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ናት። እኔ ጠዋት ስደርስ መዝገበ ቃላቱ ከላይ ወርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ መነጽሬን በረሳሁበት ቀን ደግሞ የሷ ማጉያ መስታወት ከጎኑ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ጠይቄያት አላውቅም። የሚገባኝ ክብር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ እንድሪስ የሚባል ልጅ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። ልጅ ስላችሁ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእኔ ግን ሁሉም ልጅ ነው። ካርቶን በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ የተበላሸውን ካርቶን ለምኖ እየወሰደ ጨዋታ ይሠራበታል። አንድ የሠራው ጨዋታ ነበር፤ ሲራራ ይለዋል። ካርቶኑ ላይ ከባቲ እስከ ደሴ ያለው የጥንት የነጋዴ መንገድ በቀለም ተሥሏል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከእንጨት የተጠረበች በቅሎ አለችው። ዳይስ ይጥላል፣ በወጣለት ቁጥር ይጓዛል፣ እክል የተጻፈባቸው ካርዶች ያነሣል፤ ዝናብ፣ ጅብ፣ ሽፍታ። ጨውን ጭኖ ቀድሞ ደሴ የገባ አሸነፈ። ከሁሉ የከፋው ደሴ ሊገቡ ሲሉ ያለው የሐረጎ ዳገት ነው። ሐረጎ ላይ ጉም የሚል ካርድ ካነሣህ በቅሎህ ገደል ትገባለች። ከገደል የምትወጣው ሌላው ተጫዋች ገመዱን ሲሰጥህ ብቻ ነው፤ ገመድ የሰጠ ደግሞ ሁለት ዙር ቆሞ ይጠብቃል። ገመዱ ሳትጠይቅ አይሰጥህም። አፍህን ከፍተህ "ገመድ ስጠኝ" ማለት አለብህ። ይህችን ሕግ አልወደድኳትም። እንድሪስን "አውጣት፣ ጨዋታውን ታረክሰዋለች" ብዬው ነበር፤ ሳቀና ተወኝ።

ቤተ መጻሕፍት የሚመጡት የእንድሪስ የኪራይ ክፍል አልጋና ጠረጴዛ አንድ ላይ ስለማይችል ነው። መጀመሪያ ቀን ዳይሱ የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ኳ፣ ኳ ይላል። ሐያት ከወንበሯ ተነሣች። በቃ ልታስወጣቸው ነው ብዬ መዝገበ ቃላቴን ገጥሜ ለማየት ተመቻቸሁ። እሷ ግን የትከሻዋን ሻርፕ አወረደች፣ አራት ቦታ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው።

"እዚህ ላይ ጣሉት" አለች። "አይጮህም።"

በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ ያለ ሻርፕ ዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ሻርፑ ተነጥፎ ጠበቃቸው። እኔ ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ወዲያው ገባኝ። ለጠረጴዛው ቀለም አስባ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እንድሪስ ዳይሱን ይጥልና ወደ ሐያት ያያል። ስንት እንደወጣለት የሚነግሩት ጓደኞቹ ናቸው። "ልጄ፣ ዓይንህን ታከም" አልኩት አንድ ቀን፣ ከልቤ አዝኜለት። ሐያት ሳቅ አፈናት።

"አንቺ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይሳቅም" አልኳት።

"እውነትዎን ነው አባባ። እርስዎ ግን መዝገበ ቃላቱን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲያነቡት ሦስት ሰው ተነሥቶ ሄዷል።"

"ተምረው ነው የሄዱት" አልኳት።

እንዲህ እንዳለን አንድ ቅዳሜ እንድሪስ ጨዋታውን ትቶ ፊት ለፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። እጁ ዳይሱን እያሸ ነበር።

"አባባ፣ አባቴ በሕይወት የለም። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።"

"የት?"

"ኩታበር።"

"ማን ቤት?"

ዓይኑ ወደ ኋላዬ ሄደ። ወደ ሐያት ወንበር ዞር ብዬ ሳይ፣ ሐያት አንዲት መጽሐፍ ላይ ማኅተም ትመታለች። ያችኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ገጽ፣ አምስት ጊዜ መታችው። ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ እኔ ነገር ቶሎ ነው የሚገባኝ።

ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ ለማያውቅ ልንገር። ሦስት ሰው ሆናችሁ በጠዋት ትሄዳላችሁ። ግቡ ስትባሉ ትገባላችሁ፤ ተቀመጡ ስትባሉ ግን ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ትላላችሁ። ጉዳዩ እስኪያልቅ እህል አትቀምሱም። ጥቂት ትናገራላችሁ፣ ብዙ ትሰማላችሁ። እኔን የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ከእኔ ጋር የልጅነት ጓደኛዬ ሐጂ ሙሄና የእንድሪስ አጎት ነበሩ። አጎትየው ጉዳዩ እስኪያልቅ አንድ ቃል ስላልተነፈሰ ከዚህ በኋላ አላነሣውም።

የሐያት አባት አቶ ይመር ገበሬ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡ። ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ቤተሰቡን፣ ዲኑን፣ ጠባዩን ጠየቁ። ሐጂ ሙሄ ደህና አድርጎ መለሰ። ከዚያ፣

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" አሉ።

"ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ..." ብሎ ሐጂ ሙሄ ሲጀምር እኔ አላስቻለኝም። ልጁን በፋብሪካ ብቻ መግለጽ ማሳነስ መሰለኝ።

"ፋብሪካው ምንም አይደል" አልኩ። "ዋናው ጨዋታ ነው። በዳይስ እሱን የሚያህል ወሎ ውስጥ የለም።"

ከመጋረጃው ኋላ የሐያት እናት የያዙት ዕቃ ሲወድቅ ተሰማ።

"ቁማርተኛ ነው?" አሉ አቶ ይመር፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ።

ሐጂ ሙሄ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ምልክቱ ዝም በል ማለት ነበር፤ እኔ ግን አስረዳ ያለኝ መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። ደግነቱ "ጌም"ም "ዳይስ"ም ከኤል ወዲህ ያሉ ቃላት ስለሆኑ በእንግሊዝኛም አብራራሁላቸው። ባብራራሁ ቁጥር የሰውየው ፊት እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

"በቃ። ነገሩን ሳላይ ሐራም ነው አልልም፤ ሳላይም እሺ አልልም። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይዛችሁት ኑ። እኔም በልጅነቴ ገበጣ ተጫውቻለሁ።"

ስንወጣ ሐጂ ሙሄ "ሬዲዮ ስትጠግን ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

ጨዋታውን ለመማርና ለማምጣት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎን በጉም ውስጥ በካፖርት ወርጄ ታች ስደርስ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ነው። ካፖርቴን አላወለቅኩም፤ የደሴ ሰው መሆኔ እንዲታወቅ። እንድሪስ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ካርቶኑን ዘረጋ፤ እሱ መሬት፣ እኔ ባልዲ ላይ ተቀመጥን።

"አባባ፣ ሕጉን ያውቁታል። እኔ ማስተማር የምፈልገው ሌላ ነው። ለአቶ ይመር ይሸነፉላቸው።"

"እንዴት ነው የሚሸነፈው?"

"ዝም ብለው ነዋ።"

"አሳየኝ።"

ስድስት ጊዜ ተጫወትን። አምስቱን አሸነፍኩት። ስድስተኛውን ልሸነፍ ቆርጬ ጀመርኩ፤ በቅሎዬ ደሴ ደጃፍ ስትደርስ ግን እጄ ዝም ብሎ አስገባት። እንድሪስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ላቡ ካርቶኑ ላይ ጠብ አለ።

"ይሁን፤ ያሸንፉ" አለ በመጨረሻ። "ግን አንድ ነገር። እሳቸው ገደል ቢገቡና ገመድ ቢጠይቁዎት ይስጧቸው።"

"ኢንሻአላህ።"

"ኢንሻአላህ አይበሉኝ አባባ። እሺ ይበሉኝ።"

"እሺ" አልኩት።

"ሐያት ሌላ ሰው አታገባም፤ እኔም እንደዚያው። አባቷ እንቢ ካሉ ደግሞ አባቷን አትጥስም። ሁሉም ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።"

"እሺ አልኩህ እኮ ልጄ" አልኩት። ከልቤም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ኩታበር ደመናው መሬት ወርዶ፣ የገብስ ማሳው ሃያ እርምጃ ላይ አይታይም። አቶ ይመር አጎዛ አስነጥፈው ጠበቁን። ሐጂ ሙሄ ሊቀመጥ አልፈለገም፤ ጉዳዩ ሳያልቅ የተቀመጠ ሽማግሌ የለም አለ። አቶ ይመር ሳቁ። "ቆሞ የሚጫወት ሰው ደግሞ አላየሁም። ለጨዋታው ይቀመጡ፤ ለጉዳዩ ይቆማሉ" አሉት። ይህን ብልሃታቸውን ስሰማ ሰውየውን ወደድኳቸው።

ካርቶኑን ዘረጋሁ። ገንዘብ የሚያዝበት ነገር እንደሌለ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት፣ መንገዱን በጣታቸው ተከተሉት።

"አባቴ በዚህ መንገድ ጨው ያመላልስ ነበር" አሉ። "ልጁ ይህችን ምንጭ እንዴት አወቃት?"

"ሽማግሌ እየጠየቀ ነው የሠራው" አልኩ።

"ጎበዝ" አሉ። ይህችን ቃል ሲሉ ከመጋረጃው ኋላ እፎይታ ተሰማ።

ጀመርን። አቶ ይመር ዳይሱን ሲጥሉ እንደ ልጅ ሆኑ። ሽፍታ ሲዘርፈኝ ጭናቸውን መቱ። ጅብ ሲያስቆማቸው ጅቡን ሰደቡት። ሐጂ ሙሄ እንኳ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በቃ፣ ጉዳዩ አልቆ ነበር፤ ይህን ሐጂ ሙሄም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ቀሪው ነገር ዱዓ ማድረግ ብቻ ነበር።

እኔ ደሴ ለመግባት አንድ እርምጃ ሲቀረኝ አቶ ይመር ሐረጎ ላይ ካርድ አነሡ። ጉም። በቅሏቸው ገደል ገባች።

ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግታ ነበራቸው።

"እንግዲህ ገመድ ይስጡኝ" አሉ።

ወገኖቼ፣ እሺ ማለቴን አልረሳሁም። እንድሪስን አልረሳሁም። ግን ገመዱን ከሰጠሁ ሁለት ዙር እቆማለሁ፤ ሁለት ዙር ከቆምኩ ሊቀድሙኝ ይችላሉ። አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ። ሐጂ ሙሄ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ሊታነቅ ደረሰ። እጄ ዳይሱን አነሣ። ጣልኩት። ስንት እንደወጣ አላየሁም፤ ማንኛውም ቁጥር ይበቃኝ ነበር።

"ደሴ ገባሁ" አልኩ።

አቶ ይመር ትንሿን በቅሎ ከገደሉ በጣታቸው አንሥተው አቧራ እንዳለባት ሁሉ ጠረጓትና መዳፌ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። እኛም ቆምን።

"ጨዋታው ቁማር አይደለም" አሉ። "ጥሩ ጨዋታ ነው። የሠራውም ልጅ ጥሩ ልጅ መሆኑን አይቻለሁ። ግን ሽማግሌ የትዳር ዋስ ነው። ልጄ ነገ ኮምቦልቻ ብትታመም፣ ከባሏ ብትጣላ፣ ቢከፋት፣ እኔ እሩቅ ነኝ፤ የምትጠራው እርስዎን ነው። እኔ ከገደል ሆኜ ጠራሁዎት። እርስዎ ደሴ ገቡ።"

ክፉ ቃል አልተናገሩም። እስከ መንገዱ ድረስ በጭቃው ውስጥ ሸኙን። ሚኒባስ ስትመጣ እጃቸውን ዘርግተው እሳቸው አስቆሙልን። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ሐጂ ሙሄ በመስኮቱ ጉሙን ሲያይ ቆየና ደሴ ልንገባ ስንል፣

"እንኳን ደስ አለህ" አለኝ። "አሸነፍክ።"

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ስገባ መዝገበ ቃላቱ እንደ ወትሮው ወርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ ጠበቀኝ። ይህ ነው የጎዳኝ። ሐያት ሰላም አለችኝ፤ ዓይኗ አብጧል። ቅዳሜ መጣ፣ እንድሪስ አልመጣም። ሻርፑ ግን ተነጥፏል። ከዚያ ሌላ ቅዳሜ። ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያው አራተኛ ቦታ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሐያት ሻርፑ እንዳይረጥብ ጠረጴዛውን ብቻዋን ስትጎትት አየኋት።

እንድሪስን ሐጂ ሙሄ ነው ሄዶ ያናገረው። "ሽማግሌ ቀይርና ላክ፤ አባቷ እንቢ ያሉት አንተን አይደለም" ብሎታል። ልጁ ግን "አባባን ብቀይራቸው አዋረድኳቸው ማለት ነው፤ ሰው ፊት እንዴት ይቆማሉ?" አለ አሉ። ሐያትም ያንኑ ብላለች። እኔን ላለማስቀየም ሁለቱ ልጆች በየበኩላቸው ተቀምጠው ሊያረጁ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር ነው፤ ስለ ራሴ ደግ ብቻ እንደማልናገር እንድታውቁልኝ። በዚያ ክረምት አንዳንድ ጠዋት፣ መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ፣ እሷን እዚያ ወንበሯ ላይ ሳያት፣ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ካገባች ኮምቦልቻ ልትሄድ ነው። ካላገባች እዚሁ ናት። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ቤቴ የሚጠብቀኝ ከረጢት ሙሉ ሬዲዮ ነው። ያን ዕለት ዳይሱን ያነሣው እጄ ማሸነፍ ብቻ ነበር ወይ የፈለገው? አላውቅም። አላውቅም ስል ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደማትሰሙኝ ልብ በሉ።

ሐምሌ ላይ ጨዋታውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ለብቻዬ ኩታበር ሄድኩ። ሽማግሌ ለብቻው አይሄድም፤ ሐጂ ሙሄን ግን ና ለማለት መጠየቅ ነበረብኝ። አቶ ይመር ደጃፍ ዝናብ ላይ ቆምኩ።

"ብቻዎን?" አሉ ከበሩ።

"ብቻዬን።"

"ይግቡ።"

"ሳልገባ ልናገር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።"

"ይህንንማ ያኔም ነግሬዎታለሁ። ይግቡ፤ ካርቶኑ ይርሳል።"

ተቀመጥን። አቶ ይመር ካርቶኑን ዘረጉት። ዕቅዴ ግልጽ ነበር፤ ተሸንፌ፣ ገመድ ሰጥቼ፣ ሁሉንም አስተካክዬ ልመለስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት እንደሚወጣልኝ አልተጨነቅኩም። ግን ሰውየው ገመድ አላስፈለጋቸውም። ዳይሱ ታዘዘላቸው። ሐረጎን በሰላም አለፉ። እኔ ሐረጎ ስደርስ ካርድ አነሣሁ፤ ጉም። በቅሎዬ ገደል ገባች።

ተራው የሳቸው ነበር። ዳይሱን አንሥተው መዳፋቸው ውስጥ ያዙት። አልጣሉትም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ የበቅሎዋን ጆሮ አያለሁ። እሳቸው እኔን ያያሉ። ስለ ዘንድሮ ገብስ አንድ ነገር ተናገርኩ። ስለ ሬዲዮ ተናገርኩ። ስለ ጨዋታው ሕግም፣ ይህች ሕግ መውጣት እንዳለባት ለልጁ ነግሬው እንደነበር። ዳይሱ አሁንም መዳፋቸው ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ኋላ ሴትየዋ መንቀሳቀስ አቁመዋል። ባለቤቴን አሰብኳት። ሰባ ዓመት ያልተከፈተ በር እንዴት እንደሚከፈት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

"ገመድ ይስጡኝ" አልኩ።

"አልሰማሁም፤ ዝናብ ነው" አሉ።

"ገመድ ይስጡኝ። መውጣት አቃተኝ።"

ገመዱን ሰጡኝ። ሁለት ዙር ቆሙ። እንዲያም ሆኖ ቀድመውኝ ደሴ ገቡ፤ በልጅነቴ ገበጣ ተጫውቻለሁ ያሉት ለካ ቀልድ አልነበረም። በቅሏቸውን ካስገቡ በኋላ ተነሥተው ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "እርስዎም ዋሷ ነዎት። ስትጠራዎት ይምጡ። ሲቸግርዎት ደግሞ ይጥሩ።"

ወሬው ደሴ ከእኔ ቀድሞ ገባ። እንድሪስ ከኮምቦልቻ በሩጫ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። "አባባ፣ ለእኛ ብለው ሆን ብለው ተሸነፉ አይደል?" አለኝ። ሳልኩ። ሳል ውሸት አይደለም። ሐያት ከወንበሯ አየችኝ፤ የምታውቀውን ታውቃለች፤ ማኅተሟን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክረምቱ ሲወጣ ኒካሑ ታሰረ። ሐያት ኮምቦልቻ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ አገኘች። የመጨረሻዋ ቀን ሻርፑን ከኋለኛው ጠረጴዛ አንሥታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እኔ ጋ መጣች።

"አባባ፣ በእኔ ቦታ አዲስ ሰው ይመጣል። መዝገበ ቃላቱ ከላይ መሆኑን ይጠይቁት፣ ያወርድልዎታል።"

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ሲሉ አውቅዎታለሁ።"

"ሂጂ፤ ሚኒባሱ ይሞላል።"

አዲሱ ሰው ጨዋ ነው። ጆሮው ላይ የሚሰካ ነገር አድርጎ ስልኩን ያያል። በማያውቀው ነገር ደግሞ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። የመጀመሪያ ቀን ከመደርደሪያው ሥር ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ሁለተኛም ቀን ቆምኩ። መዝገበ ቃላቴ ጀርባው ይታያል፤ አቧራ ይዞታል። ልጁ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ጣሪያውን የማይ መስሎት እሱም ጣሪያውን አየ።

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ለአንድ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ አሁን የማነበው ታችኛውን ረድፍ ነው፤ እጄ የሚደርስበትን። ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ነኝ። ስለ ንብ ደሴ ውስጥ እኔን የሚያህል አይገኝም። ንግሥቲቱ የሄደችበት ቀፎ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የቀሩት ንቦች ምን እያደረጉ እንደሚቆዩ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ኑና ጠይቁኝ። እኔን መጠየቅ አያሳፍርም።